የጥር አሥራ ሁለት ሚዜ

ጥባ የኔ ሆድ፤ ቀስ ብለህ ጥባ፤ የሚሻማህ የለም። የጥር ነፋስ ዘንድሮ ምን ነካው... ታቦት አጅበው የሚመለሱት ሰዎች ሁሉ ቅንድባቸው አቧራ ለብሶ ነው በደጃችን ያለፉት። እኔማ ከደፉ ሳላልፍ ነው ያየኋቸው፤ አራስ ሴት ምን መሄጃ አላት? ሆታውን ግን ሰማኸው አይደል? ደህና ጥምቀት ነበር። ሌሎቹ ታቦቶች ገብተዋል፤ ሚካኤል ብቻ እዚያው ውኃው ዳር ያድርና ነገ ይገባል። ነገ ጥር አሥራ ሁለት አይደል?

አንተ የት ታውቀዋለህ፤ ቀኑን ከሌሊቱ ገና አልለየህም። አብሽር፣ ቀን የማያውቅ አንተ ብቻ አይደለህም...

ያ ሽው ሽው የሚለው ምንድን ነው ብለህ ነው ዓይንህን የምታንከራትተው? ብሩሽ ነው። በሩ ጋ ዱካ ላይ ተቀምጦ ጫማ የሚወለውል ሰው አለ። ማን ነው እንዳትለኝ፤ እኔ የሰው ስም አላነሣም። በዚህ ቤት ነገ የክርስትና ስም የሚወጣለት አንተ ነህ፤ የሌላ ሰው ስም ምን ይሠራልናል? እኔ ከልጄ ጋር ነው የማወራው። ከልጅ ጋር ማውራት ተከለከለ እንዴ?

እና ምን ልልህ ነበር... ነገ ቀኑ ጠባብ ነው የኔ ጌታ። ጥር አሥራ ሁለት ሁሉም የሚቀመጥበት አንድ መደብ ማለት ነው። ሚካኤል ተቀምጦበታል፤ ቃና ዘገሊላም ተቀምጦበታል። በዚያ ላይ ይህ አገር ልጁን የሚድረው በጥር ነው፤ ከጥርም ደግሞ ታቦት ሲገባ፣ ሰው ሁሉ ነጭ በለበሰበት ቀን ቢሆንለት ይወዳል። ቀጥሎ አንተ መጣህ። በበዓታ ለማርያም ዕለት ተወለድክና አርባ ቀንህ ሄዶ ሄዶ እዚያው መደብ ላይ ዘጭ አለ። ምን ታደርግ፤ መጨረሻ የመጣ እንግዳ ጠጋ በሉልኝ ይላል እንጂ ተነሡልኝ አይልም። ጠጋ ያለልህ ግን አለ?

ሠርግ እኮ ቀን የሚቆርጥለት ሰው ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ጥር አሥራ ሁለት ካልተመቸ ጥር ሃያ አንድ፣ እሱም ካልሆነ የካቲት ይባላል። የወንድ ልጅ አርባ ግን ማን ይቆርጠዋል? "አባቴ፣ ነገ ሠርግ ስላለብን የዚህን ልጅ አርባ ለሌላ ቀን ያሸጋግሩልን" ተብሎ ቄስ ይለመናል? ኧረ ነውር ነው።

ይኼ ጫማ የሚወለውለው ሰው ግን... እንዴት ያለ ሰው መሰለህ። ለጓደኛ ሟች ነው። መካነ ሰላምን ከዳር እስከ ዳር ብታስስ እንደሱ ያለ ቃል አክባሪ አታገኝም። ነገ የሚያገባው ምንይችል "አንደኛ ሚዜዬ አንተ ነህ" ሲለው ቀኑን እንኳ አልጠየቀም አሉ። እሺ ብሎ ገባ። ቀን መጠየቅ የቀዝቃዛ ሰው ነው። ሙሽሪት የወግዲ ልጅ ናት። ኢሱዙው ሚዜዎቹን ይዞ ዶሮ ሲጮህ ከመናኸሪያው ይነሣል፤ መንገዱ እንደምታውቀው... አዎ፣ አታውቀውም፤ ጉድጓድ ነው። ቄሱም እኛን ማርያም ድረሱ ያሉን ዶሮ ሲጮህ ነው። አየህ፣ ዶሮውም አንድ፣ ጩኸቱም አንድ። ለማን እንደጮኸ የሚያውቀው ሰሚው ነው።

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይላሉ። እሱ ይህን ስለሚያውቅ አንዱን መርጧል። ብልህ አይደል? የደጁ ዛፍ የት ይሄድበታል፤ ሲመለስም እዚያው ቆሞ ያገኘዋል። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ ብለው የሚተርቱም አሉ፤ እኔ እንዲህ ያሉትን አልወድም። አልጋ መሆን ቀላል ነው እንዴ? ስንቱ ተደላድሎበት... ኧረ እሱንስ እግዜር ይርዳው ነው የምለው።

ሸሚዙን ማን ተኮሰለት መሰለህ? አንተን አስተኝቼ፣ የከሰሉን ካውያ እፍ እፍ ብዬ፣ እኔ ነኝ። አንገትጌውን ደጋግሜ ነው የተኮስኩት። የሚዜ አንገትጌ ከተጨማደደ "ሚስት የለውም እንዴ?" ይላሉ። ሚስትማ አለው። እንዳለው የሚታወቀው በአንገትጌው ነው።

ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ይባላል። እኔ ሠርገኛ ሊሄድ ነው በርበሬ የቀነጠስኩት። ግድ የለም፤ ላንተ ክርስትናም ወጥ ይሠራበታል። ጠላውን እማማ በለጥሻቸው ጠንስሰውልሃል። አያትህ ይኑሩልህ፤ ጫማ ወልዋይ ወልደው፣ አሳድገው፣ ዛሬም ለልጅ ልጅ ይለፋሉ። ትናንት ጋኑን ሲያዩ ቆዩና ድንገት ቀና ብለው "ቄሱ፣ አባትየው የታለ ያሉ እንደሆነ ምን ልትመልሺ ነው?" አሉኝ። ምን ልበል? "ሚዜ ሆኖ ነው" ልበል? "የማን ሚዜ?" ቢሉኝስ? "ጌታን ሊያጅብ ቃና ዘገሊላ ወርዷል እላለሁ" አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ደግሞ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ፤ ጭስ ነው አሉ። እሳቱ ከጠፋ ቆይቶ ነበር።

ቃናን ካነሣሁ አይቀር... ጌታችን ዶኪማስ ቤት ሠርግ ሲጠራ እናቱን ቤት ትቷት ሄደ እንዴ? አብራው ናት። ባትኖር ወይኑ ማለቁን ማን ያይ ነበር? ሙሽራው አላየ፤ ሚዜዎቹ አላዩ፤ እነሱ ከረባታቸውን ያስተካክላሉ። ድግስ ላይ የጎደለውን የምታይ እናት ናት። እኔም ነገ ዓይኔን ገልጬ አያለሁ፤ ምን ይጎድላል ብለህ ነው... ጠላው አለ፣ በጉ አለ፣ ሰው አለ።

ጋሽ አራጋውም ይመጣሉ። የክርስትና አባትህ እኮ ናቸው። አርጅተዋል፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ትናንት በምርኩዛቸው እየተራመዱ ማርያም ድረስ ሄደው፣ የነጠላ ጥቅልል እንደ ሕፃን አቅፈው ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ ዋሉ አሉኝ። ነገ እንዳይጥሉህ ፈርተው ነው። እሳቸው ደረጃ ይለማመዳሉ፤ እዚህ ደግሞ ከመስተዋቱ ፊት እስክስታ የሚለማመድ አለ። ሁሉም ለነገ ነው። አንተ ስንት ሰው እንደሚለፋልህ አታውቅም...

ቆይ፣ ጥር አሥራ ሁለት ላይ ሌላም ነገር ነበረ መሰለኝ። ምን ነበር? እስኪ አስታውሰኝ። አዎ፣ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ከወረኢሉ በኩል በዚሁ ቀን ተድራ መጣች። አቧራው እንደ ዛሬው ነበር፤ ነጭ ቬሎ ለብሳ ተነሥታ ቡናማ ለብሳ ነው ከመኪናው የወረደችው። የሙሽራው ስም ጠፋኝ። የአንደኛ ሚዜውን ግን አልረሳም፤ ምንይችል ነበር። ቀኑን ሙሉ ከሙሽራው ጎን ንቅንቅ አላለም። ያ ውለታ ነው ነገ የሚመለሰው። ውለታ መመለስ ደግ ነው፤ ክፉ የሚለው የለም። ለሚዜው ያለበትን አልረሳም እኮ፤ ለሙሽራይቱ ያላትን ነው እንጂ። ምን ነበር ያላት... "በየዓመቱ ጥር ሚካኤልን እኔና አንቺ አብረን እናስገባዋለን፤ ልጅ ሲኖረን ደግሞ አቅፈነው።" እሷ ሞኝ ናት። ሰው በሠርጉ ቀን ያለውን ሁሉ እውነት ነው ብላ ትይዛለች።

አንዱን ዓመት አስገቡት። ቀጣዩን ዓመት ኀዘን ነበር።

ስለ እኅትህ በበዓል ቀን አይወራም። ሰማንያዋ ሳይደርስ ነው የሄደችው፤ ነጭ ልብሷ ሳይለበስ ሣጥኑ ውስጥ ቀረ። ነገ የምትለብሰው እሱን ነው። ፈንታሁን ያልንህም ለዚሁ ነው። እኔ እስከ ዛሬ ከአፍንጫህ ሥር ጣቴን እያደረግኩ ትንፋሽህን የማዳምጠው ለምን ይመስልሃል? ነገ ማርያም ደጅ ቆሜ፣ ቄሱ ውኃውን ሲያፈሱብህ፣ ብርዱ ሲይዝህ፣ ስታለቅስ... ጉልበቴ ይይዘኝ ይሆን እያልኩ ነው። ያን ጊዜ የደገፈኝ ሰው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ነው የያዘኝ፤ ተቀመጥ ቢሉትም አልተቀመጠም። ጥሩ ሰው ነበር። የት እንደገባ እንጃ... ነገ ዶሮ ሲጮህ አጠገቤ ቢቆም በትንፋሹ አውቀዋለሁ።

ብሩሹ ቆመ። ለምን ቆመ? ኸይር ነው፤ ጫማው ጠርቶለት ይሆናል። አየህ እንዴት እንደሚያበራ? ፊት ያሳያል እኮ። ወደዚህ ትንሽ ዘወር ቢያደርጉት ያንተም ፊት ይታይበት ነበር። አንዳንድ ሰው ልጅን ፊት ለፊት ማየት ይከብደዋል፤ በጫማ በኩል ቢሆን ይቀለው ይሆናል።

አንድ ነገር ልንገርህና ተኛ። ማንም ምከሪኝ አላለኝም፤ አድገህ እንዳይቸግርህ ነው። ሚዜ ስንት ነው? አምስት። አንዱ ቢዘገይ አራቱ ሙሽራውን አይጥሉትም፤ ሙሽራውም የራሱ እግር አለው። አንተ ተጠምቀህ፣ ቆርበህ፣ ስንወጣ ደግሞ ወደ ወግዲ ሚኒባስ አይጠፋም። አንደኛ ሚዜ ምሳ ሲነሣ ቢደርስ ሙሽሪት አላገባም አትልም። ምንይችልም ቢሆን ሰው ነው፤ "የልጄ አርባ ነው" ቢሉት ምን ይላል? ብለውት ቢሆን ኖሮ ማለቴ ነው... አባት ግን ስንት ነው? ቁጠር እስኪ። እኔ ትምህርቴን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፤ አንድ ስል ያልቅብኛል።

ስልክ እየጠራ ነው። አትደንግጥ፤ አንተን አይደለም የሚፈልጉት። ኢሱዙው የሚነሣበትን ሊነግሩት ይሆናል። ለምን አያነሣውም ግን? እየጠራ እኮ ነው... ብድግ አለ። ጫማዎቹን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። አትየው። ሰው ሲያስብ ትክ ብለው አያዩትም፤ ያፍራል።

በል ጠግበሃል። ና እንመርቀው፤ መቼም ሠርገኛ ሳይመረቅ ከቤት አይወጣም። ያንተ ዱዓ ገና ኃጢአት የለበትም፤ ፈጥኖ ይደርሳል። እጅህን አምጣ፤ እንዲህ ዘርጋው። ሚካኤል ከፊት ከኋላው ይሁን። መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት። የወግዲን ዳገት ሜዳ ያድርግለት። ጫማውን አቧራ አይንካበት፤ ጓደኛው ይኩራበት። ዕድሜውን እንደ ማቱሳላ ያርዝምለት። ሸምግሎ፣ ጉልበቱ ደክሞ፣ በር በሩን እያየ የሰው ኮቴ የሚያዳምጥበት ቀን ሲደርስ፣ አንተን ለወግ ለማዕረግ አብቅቶ ያቆይለት። ያን ጊዜ፣ የኔ ፈንታሁን፣ ነገ እሱ የሚያደርግልህን ሳትጨምር ሳትቀንስ አድርግለት።

አሜን በል።