የሁለተኛው ኬጅ ካርድ

(በአንድ የምርምር ተቋም ጓሮ ባለው የእንስሳት ቤት፣ ሐሙስ ከቀኑ ሰባት ተኩል፤ የአራት ዓመት የዶክትሬት ጥናቷ ዛሬ የሚገመገምባት ሰናይት፣ በኬጅ ሣጥን የሚኖሩትን የሙከራ አይጦች ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቁት ጋሽ ይመር ፊት ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ ቆማለች።)

ሰናይት፦ አንዲት ፊርማ ናት ጋሽ ይመር! ቤትዎን በስሜ ያዙሩልኝ አላልኩ።

ጋሽ ይመር፦ ቤቱን ብትጠይቂኝ ይቀለኝ ነበር። የቀበሌ ነው፤ እንቢ የሚልሽም ቀበሌው ነው።

ሰናይት፦ እባክዎ አይቀልዱብኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፕሮፌሰሩ ገምጋሚዎቹን ይዘው በዚህ በር ይገባሉ። አንድ ሰዓት ተኩል ነው የቀረኝ።

ጋሽ ይመር፦ እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ። መነጽሬን እቤት ረስቻለሁ።

ሰናይት፦ «እኔ ይመር ሰይድ፣ በአሥራ አራተኛው ቀን ኬጆቹን ሳጥብ፣ የአንደኛውንና የሁለተኛውን ኬጅ ካርድ በስሕተት አቀያይሬ ሰክቻለሁ።» በቃ፣ ይኸው ነው።

ጋሽ ይመር፦ አላቀያየርኩማ።

ሰናይት፦ በምን እርግጠኛ ሆኑ? ሰው አይደሉም? አይሳሳቱም?

ጋሽ ይመር፦ እሳሳታለሁ እንጂ። የልጅ ልጆቼን ስም ስጠራ ሦስቱን ጠርቼ ነው አራተኛው ላይ የምደርሰው። ኬጅ ላይ ግን አልሳሳትም። አንዱን አውጥቼ፣ ሰጋቱራውን ደፍቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ፣ አይጦቹን መልሼ፣ ካርዱን ሰክቼ ነው ሌላውን የምነካው። ሁለት ኬጅ ባንዴ ከፍቼ አላውቅም። ጭራቸው ላይስ ምልክት የለም? የአንደኛው ቀይ፣ የሁለተኛው ጥቁር።

ሰናይት፦ የማርከር ቀለም ይለቃል።

ጋሽ ይመር፦ ሲለቅ አድሳለሁ።

ሰናይት፦ እንግዲያው እርስዎ ያስረዱኝ! አሥራ ሁለት አይጥ አለን። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት መርፌ የቁርጥማት በሽታ አስያዝናቸው። አሥራ አራተኛው ቀን ላይ የሁሉም እግር እኩል አበጠ፤ ለክቼ መዝግቤዋለሁ። ከዚያ አንደኛው ኬጅ ያሉት ስድስቱ የማጠናውን የባህል መድኃኒት ሥር በየቀኑ በሲሪንጅ ጠጡ። ሁለተኛው ኬጅ ያሉት ስድስቱ ውሃ ብቻ ጠጡ። ዛሬ ሃያ ስምንተኛው ቀን ነው። መድኃኒት የጠጡት መራመድ አቅቷቸው ተኝተዋል፣ ውሃ የጠጡት ይሯሯጣሉ! ውሃ ቁርጥማት ያድናል?

ጋሽ ይመር፦ ዘምዘም ከሆነ አይታወቅም።

ሰናይት፦ የቧንቧ ውሃ ነው ጋሽ ይመር! እሱም በሳምንት ሁለት ቀን የሚመጣ!

ጋሽ ይመር፦ እሺ፣ እሺ፣ አትጩኺ። አይጦቹ ይደነግጣሉ።

ሰናይት፦ አይጦቹ ይደነግጣሉ! እኔስ? እኔ የደነገጥኩትን ማን አየልኝ? ሃያ አንደኛው ቀን ላይ የውሃዎቹ እብጠት ሲጎድል አይቼ «በራሱ ነው፣ ይመለሳል» ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይኸው ተፈታብኝ። ሁለቴ አራዝመውልኛል፤ ሦስተኛ የለም። የላከኝ ዩኒቨርሲቲም «ወይ ጨርሰሽ ነይ፣ ወይ ቦታሽን ልቀቂ» ብሎ ጽፎልኛል።

ጋሽ ይመር፦ እንደገና ብትጀምሪውስ?

ሰናይት፦ በየትኛው አይጥ? በየትኛው ዓመት? ልጄን የአንድ ዓመት ተኩል ሆና ነው ለአማቴ ጥያት የመጣሁት። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ ከአማቴ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ «እማዬ፣ እንግዳ መጣ» አለች። እማዬ ያለችው አማቴን ነው። እንግዳዋ እኔ ነኝ።

ጋሽ ይመር፦ አይ ልጄ።

ሰናይት፦ ስለዚህ ይፈርሙልኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ቸግሮኛል።

ጋሽ ይመር፦ ቆይ፣ ብፈርምልሽ ምን ይሆናል? በአማርኛ ንገሪኝ።

ሰናይት፦ ሥሩን የማጠጣው ኬጁ የተቀመጠበትን ቦታ አይቼ ነው፣ የምመዘግበው ግን በካርዱ፤ ስለዚህ ካርዱ ተቀያይሯል ማለት፣ የዳኑት ሥሩን የጠጡት ናቸው ማለት ነው። ሥሩ ሠርቷል ማለት ነው። እመረቃለሁ፣ ጥናቱ ይታተማል፣ ቀስ እያለ ወደ ሰው ሙከራ ያልፋል።

ጋሽ ይመር፦ ወደ ሰው። ቁርጥማት ወዳለበት ሰው።

ሰናይት፦ ታዲያ ወደ ጤነኛ ይለፍ እንዴ?

ጋሽ ይመር፦ አንቺ ግን ከልብሽ ታምኚዋለሽ? ካርዱ መቀያየሩን?

ሰናይት፦ ሌላ ምን ልመን? ውሃ የሚወስደው ሰው አረፋ ይጨብጣል። የጨበጥኳት አረፋ ይቺ ናት፤ እርስዎ ደግሞ ከእጄ ሊያስጥሉኝ ነው።

ጋሽ ይመር፦ አላቀያየርኩም ብዬሻለሁ።

ሰናይት፦ ይማሉልኛ!

ጋሽ ይመር፦ ወላሂ አላቀያየርኩም።

ሰናይት፦ ሌላም የነካሁት ነገር የለም ብለው ይማሉ።

ጋሽ ይመር፦ ሰዓቱ እየሄደብሽ ነው።

ሰናይት፦ ጋሽ ይመር?

ጋሽ ይመር፦ እሱን እንኳ ተይኝ።

ሰናይት፦ ምን ማለት ነው ተይኝ? ምንድን ነው የነኩት?

ጋሽ ይመር፦ በሩን ዝጊው እስቲ።

ሰናይት፦ ተዘግቷል። ይናገሩ!

ጋሽ ይመር፦ ኪኒን ሰጥቻቸዋለሁ። ሁለተኛው ኬጅ ላሉት።

ሰናይት፦ የምን ኪኒን?

ጋሽ ይመር፦ የኔን። ሐኪም ለቁርጥማቴ ያዘዘልኝን፣ ያቺን ነጯን።

ሰናይት፦ ፕሬድኒሶሎን? ፕሬድኒሶሎን ነው የሰጡብኝ? ወይኔ! ገደሉኝ! ጋሽ ይመር፣ ገደሉኝ እኮ!

ጋሽ ይመር፦ አውቃለሁ። ከሰኞ ጀምሮ ልነግርሽ አፌን እከፍትና ፊትሽን ሳይ እዘጋዋለሁ። ፈራሁ። እኔ ሽማግሌው ፈራሁ።

ሰናይት፦ ለምን? ምን በደልኩዎት?

ጋሽ ይመር፦ አንቺማ ምን በደልሽኝ። ያቺ ጆሮዋ የተቀደደው፣ የመጠጫው ቱቦ ላይ ለመድረስ ስትነሳ ስትወድቅ፣ ስትነሳ ስትወድቅ አየኋት። ጠዋት ነበር። ይሄ በሽታ ጠዋት ጠዋት ይብሳል። ስትነቂ ጣትሽ የሌላ ሰው ጣት ሆኖ ይጠብቅሻል፤ ለምነሽ ነው የምታጥፊው። እኔም ያን ጠዋት የሸሚዜን ቁልፍ ለመቆለፍ ስታገል ነው የመጣሁት። አንጀቴን በላችው።

ሰናይት፦ አይጥ ናት እኮ! እቤትዎ ብትገባ በወጥመድ አይገድሏትም?

ጋሽ ይመር፦ እገድላታለሁ እንጂ። ያቺ ዱቄቴን ሰርቃ ነው። እነዚህ ምን ሰረቁ? ደህና የነበሩትን እኛው በመርፌ አሳመምናቸው፣ ከዚያ ለስድስቱ መድኃኒት፣ ለስድስቱ ውሃ።

ሰናይት፦ ያልታከመ ከሌለ፣ የታከመው መዳኑ በምን ይታወቃል? ስንት ጊዜ ነገርኩዎት!

ጋሽ ይመር፦ ነግረሽኛል። ጭንቅላቴ ገብቶታል፤ አንጀቴ ነው ያልገባው።

ሰናይት፦ ደግሞስ ዛሬ ማታ ሁሉም ይሞታሉ! መገጣጠሚያቸው ተቆርጦ ነው የሚመረመረው። ለሚሞት አይጥ?

ጋሽ ይመር፦ እኔም እሞታለሁ። እስክሞት ግን ኪኒኔን እውጣለሁ።

ሰናይት፦ ስንት ሰጧቸው? በምን?

ጋሽ ይመር፦ በቀን አንድ ፍሬ። ፈጭቼ፣ በሙዝ ለውሼ፣ ለስድስት እከፍለዋለሁ። እንዳይሻሙ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ነበር የማበላው።

ሰናይት፦ አንድ ፍሬ ለስድስት... በኪሎ ሲሰላ... አምላኬ። አስልቼ ብሰጥ እንኳ ከዚህ የተሻለ አልሰጥም ነበር።

ጋሽ ይመር፦ እንዲያው በግምት ነው።

ሰናይት፦ አሥራ አራት ቀን፣ አሥራ አራት ፍሬ። ቆይ፣ ለወር የሚሰጥዎት ሠላሳ ብቻ፣ ያኔም ግማሹ አልቆ አልነበር እንዴ? በቀን አንድ?

ጋሽ ይመር፦ በቀን አንድ።

ሰናይት፦ እና እርስዎ ምን ይውጡ ነበር?

ጋሽ ይመር፦ የተረፈውን ሙዝ።

ሰናይት፦ ጋሽ ይመር! ይሄ ኪኒን በአንዴ እንደማይቆም አያውቁም? ሊሞቱ ይችሉ ነበር! ጓንትዎን ያውልቁ።

ጋሽ ይመር፦ ተይው አሁን።

ሰናይት፦ ሳምንቱን ሙሉ ጓንት ከእጅዎ አልተለየም። ያውልቁት!

ጋሽ ይመር፦ ከጠዋት ጀምሮ እምቢ ብሎኛል እኮ። አንቺው ሳቢልኝ። ቀስ... ቀስ በይ...

ሰናይት፦ ኧረ የኔ አባት! ይሄ... ይሄ እጅ ነው?

ጋሽ ይመር፦ መነጽሬን አልረሳሁትም፤ ኪሴ ውስጥ ነው። ወረቀቱን መያዝ ስላቃተኝ ነው። ልፈርም ብልስ በምኔ እፈርማለሁ?

ሰናይት፦ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ።

ጋሽ ይመር፦ አሮብኝ፤ አማሰልኩ። አሁን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይምጡና እኔው እነግራቸዋለሁ። አንቺ አልበደልሽም።

ሰናይት፦ ምን ብለው? ያባርሩዎታል እኮ! ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ሲቀርዎት። የእኔም ጥናት ያው ከንቱ ነው፤ ማንም «የኪኒን ጥፋት ነው፣ ሌላ አራት ዓመት እንስጣት» አይለኝም።

ጋሽ ይመር፦ ሥሩስ? ለሥሩ የሚተርፈው ነገር የለም?

ሰናይት፦ ምንም። የሥሩ አይጦች እብጠት አንዲት ሚሊሜትር አልጎደለም፤ እንዲያውም ጨምሯል። ሥሩ አይሠራም ጋሽ ይመር። ይኸው፣ አልኩት። ለራሴ እንኳ ብዬው አላውቅም ነበር።

ጋሽ ይመር፦ እንግዲህ ታወቀ ማለት ነው። አለመሥራቱን ማወቅም እኮ...

ሰናይት፦ ስለዚህ አሁን ይበልጥ መፈረም አለብዎት! አይዩኝ እንደዚያ። ይስሙኝ፤ እውነቱን ከተናገርን ሁለታችንም ገደል ገባን። ካርድ ተሳሳትኩ ካሉ ግን ተግሣጽ ይጽፉብዎታል፣ በቃ፤ ጡረታዎም ይጠበቃል፣ እኔም ወደ ልጄ እገባለሁ። እስክሪብቶው ካቃተዎ አሻራ ይበቃል። ቀለሙ ቢሮ አለ፣ አመጣለሁ።

ጋሽ ይመር፦ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ።

ሰናይት፦ እርስዎ ድንቢጥ ይሁኑልኝ፣ እኔ አይጥ ልሁን! አይጥ መሆን ይነሰኝ? አራት ዓመት ከነሱ ጋር ኖሬያለሁ!

ጋሽ ይመር፦ አታልቅሺ። አታልቅሺ የኔ ልጅ። እሺ፣ ቀለሙን አምጪው።

ሰናይት፦ እሺ? እሺ አሉኝ?

ጋሽ ይመር፦ እሺ። የሰበርኩት እኔ ነኝ፣ ዕዳው የኔ ነው። ጣቴን ይዘሽ ታሳርፊልኛለሽ። ግን አንዲት ነገር መልሺልኝ።

ሰናይት፦ ሺህ ይጠይቁኝ።

ጋሽ ይመር፦ ይሄ ሥር ወደ ሰው ባለፈ ጊዜ፣ መጀመሪያ የሚሰለፈው ማን ይመስልሻል? እኔ ነኝ። ኪኒኔን አቁመው ሥሩን ጠጣ ሲሉኝ፣ ስምሽን አያለሁ። «የሰናይት ነው፤ እሷ ፊቴ ተሠቃይታ የሠራችው ነው» ብዬ ሳላንገራግር አነሳዋለሁ። ይቺን እጄን እያየሽ ንገሪኝ። ልጠጣ?

ሰናይት፦ እሱ እኮ ዓመታት ይፈጃል። እስከዚያ ሌሎች ያጣሩታል፣ እንደገና ይሞክሩታል...

ጋሽ ይመር፦ እሱን አልጠየቅኩሽም። ልጠጣ?

ሰናይት፦ ልጄ እንግዳ ነው የምትለኝ፣ ጋሽ ይመር።

ጋሽ ይመር፦ አውቃለሁ።

ሰናይት፦ አራት ዓመት ነው። አራት ዓመት ሙሉ...

ጋሽ ይመር፦ አውቃለሁ፣ የኔ ልጅ። ልጠጣ?

ሰናይት፦ አይጠጡ።

ጋሽ ይመር፦ እንግዲያው ወረቀቷን አንቺው ቅደጃት። የኔ እጅ መቅደድም አይችል።