የስኳር ክኒን በባዶ ሆድ

ግቢ ግቢ አክስቴ፣ እዚህ እማዬ አጠገብ ተቀመጪ። ዝናቡ አባራልሽ? እማዬ እንደምታዪያት ነች፣ ትናንት ከሆስፒታል ከወጣች ጀምሮ ስንስቅ ነው የዋልነው። በሩን ተይው፣ ገርበብ ይበል... ወጥ ቤት ላለ ሰው አየር ያስፈልገዋል።

እድለኞች እኮ ነን። ስንቱ ሐኪም ፍለጋ ተሰልፎ ይውላል፣ ለኛ ግን ወንድሜ ይባረክና ቤታችን ድረስ አግብቶ አመጣልን። አንቺ ሜታቦሊዝም ማለት ትችያለሽ? እኔ እስካሁን ምላሴ ይተሳሰራል። አንዳንድ ሰው ግን ኢንዛይሙን፣ ኢንሱሊኑን፣ ግሉኮሱን እንደ ልጆቹ ነው በየስማቸው የሚጠራቸው።

ታዲያ እማዬ ምን ተብላ ተመከረች መሰለሽ? የስኳር ክኒኗን ጠዋት ዋጥ፣ ቁርስ ግን የለም። ክኒኑ የሚበላው ስኳር ሲያጣ ዞሮ ስቡን ያቃጥለዋላ... ሐኪሟ ከምግብ ጋር ውሰጂ ማለቱ? እሱ ምስኪን ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረው፣ ስልክ ላይ አይደለም።

ክኒኑ ስለ ስቡ ምን ቸገረው፣ ደሟ ውስጥ የቀረችውን ስኳር ሙልጭ አደረጋት። እማዬ ላብ በላብ ሆነች፣ የኔ ስም እንኳን ጠፋባት። እኛ ስንንጫጫ፣ «አይዟችሁ፣ መርዙ እየወጣ ነው» ተባልን። ለመውጣትማ ሊወጣ ነበር... ነፍሷ።

ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይባል የለ? የኔ እናት ተመከረች፣ እሺ አለች፣ መከራው ግን አልቀረላትም።

ደግነቱ ሆስፒታሉ ቅርብ ነው። ግሉኮሱ በደም ስሯ ሲገባ ዓይኗን ገለጠችና «ቁርስ አለ?» አትልም መሰለሽ? አልጋውን ይዤ ሳቅኩ፣ ነርሷም አልቻለችም። አሁንም ሳስበው ሆዴን ያመኛል።

ዛሬ ደግሞ ወንድሜ፣ ከእንግዲህ የእማዬን መድኃኒት ማን ይያዝ ይለኛል። ምን እላለሁ? እውቀት ያለው ይያዝ እንጂ። እኔ ምን አውቃለሁ፣ ማንበብ ብቻ ነው የምችለው... ያውም የመድኃኒቱ እቃ ላይ የተጻፈውን። የመድኃኒት መሳቢያውን ቁልፍ አንገቴ ላይ ያሰርኩት ለጌጥ ነው።

ቂም ደግሞ አልወድም፣ ታውቂኛለሽ። ወጥ ቤት ያለችውን ልመርቃት፣ አንቺም አሜን በይ አክስቴ። እግዜር ዕድሜ ከጤና ይስጣት። ልጇን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ ታብቃው። እርጅና መጥቶ እጇ ሲደክም ደግሞ፣ ክኒኗን የምታስውጣት ልክ እንደሷ የተማረች ምራት ይስጣት።