የመገርሳ ቃልና የእድሩ አካፋዎች

በሰው አገር፣ በሪችፊልድ ከተማ፣ አቶ ነጋሲ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ናቸው። ጥሩምባ እንኳ የላቸውም፤ ያላቸው ስልክ ነው። ሰው ሲሞት ከሁሉ ቀድመው ይሰማሉ፣ ከሁሉ ቀድመው ይደውላሉ፤ እውነቱን እንነጋገርና አንዳንዴም የሟቹን ቤተሰብ ሳይጠይቁ ይደውላሉ። ዐሥራ ሁለቱ የእድር አካፋዎችም የሚኖሩት በእሳቸው መኪና ትራንክ ውስጥ ነው። በእኛ ሰው ዘንድ መቃብር የሚሞላው ወዳጅ ነው እንጂ ማሽን አይደለማ!

ረቡዕ ጠዋት በግሮሰሪው ፓርኪንግ አካፋዎቹን ሲያስተካክሉ ፋዮን አገኟት። ፋዮ የሠላሳ ዓመት ጓደኛቸው የመገርሳ ልጅ ናት፤ ነርስ ነች። መገርሳ ያረፈው ሰኞ ዕለት ነው።

«ልጄ፣ እግዜር ያጽናሽ። ምንም አታስቢ፣ ለሃያ ሰው ደውያለሁ። ቅዳሜ በአራት ሰዓት፣ አፕል ቫሊ መቃብር፣ እናትሽ ያለችበት።»

ፋዮ የያዘችውን ፌስታል መሬት አስቀመጠች። «ጋሽ ነጋሲ፣ እኔን ሳይጠይቁኝ? ቅዳሜ ቀብር የለም። አባዬ አስከሬኔ ይቃጠል ብሎ ጽፎ ነው የሞተው።»

አቶ ነጋሲ ትራንኩን ድርግም አድርገው ዘጉት። «ወይ ጉድ! መገርሳ? ክርስቲያኑ ሰው? አመድ ሁን ተብሎ የሚረገም ጠላት ነው፣ አንቺ የገዛ አባትሽን አመድ ልታደርጊ ነው? በይ፣ ካንሰል ሆኗል ብዬ እደውላለሁ። እኔ የለሁበትም።»

«እርስዎ ካልጠሩ ማን ይመጣል?» አለች ዕንባዋ እየመጣ። «ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲቀብር የኖረ አባቴ ሰው እንደሌለው ሊሸኝ ነው? ይስሙኝ፤ ከዚያ በኋላ እንዳሻዎ።»

ቁጣቸው ገና ባይበርድም፣ «እሺ፣ ተናገሪ» አሉ።

«እናቴ ስትቀበር አጠገቧ ያለው ቦታ ሁሉ ተይዞ ነበር። አባዬ የመቃብሩን ሰዎች ጠየቀ። ሌላ ሳጥን አይገባም፣ አመድ ከሆነ ግን በእሷው መቃብር ውስጥ ይገባል አሉት። ምክንያቱ ይኸው ነው።»

«ታዲያ ለኔ ለምን አልነገረኝም?»

«ሊነግርዎ ሞክሮ ነበር እኮ። ‹ስለ ሞት አታውራ፣ ምን ያስቸኩልሃል› ብለው አቋረጡት።»

እውነቷን ነው። መገርሳ ነገሩን ያነሣው የጋራ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነበር፤ እሳቸው ሸሚዝ እያጠፉ በሳቅ አልፈውታል። አሁን ሲያስቡት አፈሩ።

«እንዴት ነው የሚያደርጉት?» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው። «እንደ ማገዶ?»

«ኧረ በፍጹም። በሳጥኑ ሆኖ ለብቻው ወደ ምድጃ ይገባል። ቆመን ማየት እንችላለን። ሁለት ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የሚቀረው አጥንት ነው፤ ፈጭተው በትንሽ ዕቃ ይሰጡናል።»

«የሌላ ሰው ቢሰጡሽስ?»

«ቁጥር ያለው ብረት አብሮት ይገባል፣ እሳቱ አያጠፋውም፤ ከአመዱ ጋር ይወጣል።»

«ትንሣኤስ? አመድ የሆነ ሰው በምን ይነሣል?»

ፋዮ በጥያቄ መለሰች። «ጋሽ ነጋሲ፣ ወንድምዎ ተስፋ የት ነው የተቀበረው?»

ይህን የሚጠይቃቸው የለም። ተስፋ በአገር ቤቱ ጦርነት ጊዜ ከጭነት መኪና ጋር ተቃጥሎ ነው የቀረው፤ መቃብር የለውም። «እግዚአብሔር ያውቃል» አሉ። «ወንድሜ የት እንዳለ አይጠፋውም።»

«አባዬስ ይጠፋዋል?»

አቶ ነጋሲ «የኔ ቤተ ክርስቲያን እኮ አትፈቅድም» አሉ።

«አውቃለሁ፤ ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም አይፈልጉትም። እኔም እርስዎ ይቃጠሉ አላልኩም። የቅዳሜ ሳምንት አመዱ ሲቀበር የኛ ፓስተር ይጸልይለታል። የምለምንዎ የአባቴ ቃል እንዲከበርለት ብቻ ነው።»

እዚያው ቆመው ስልካቸውን አወጡና ለሃያዎቹ አንድ በአንድ ደወሉ፤ መጀመሪያ ለኣንዶም። «ኣንዶም፣ የቅዳሜውን ተሳስቼ ነው የነገርኩህ፣ ቤተሰቡን ሳልጠይቅ። ለቅሶው ኢገን ከተማ፣ ፋዮ ቤት ነው፤ ዛሬውኑ ሂዱ። ቀብሩ የቅዳሜ ሳምንት ነው። አዎ፣ አመድ ነው። አዎ፣ እኔው ነጋሲ ነኝ የምልህ! ትመጣለህ አትመጣም?»

በቀብሩ ቀን ኣንዶም መጣ። ሃያውም መጡ፤ ሁለት ሰው ተጨመረ። ቴክሳስ ያለው የፋዮ ወንድም ናፍያድም፣ አመዱ ስለጠበቀው፣ ሳይሮጥ ደረሰ። ጉድጓዱ ከጉልበት አያልፍም ነበርና አቶ ነጋሲ ከዐሥራ ሁለቱ አካፋ አንዱን ብቻ አወጡ። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ሁሉም ትንሽ ትንሽ አፈር አለበሰው። መገርሳ ሚስቱ ዘንድ ገባ፤ ለቀስተኛም አላጣም። አፈር የመረጠ በአፈር፣ እሳት የመረጠ በእሳት ይሸኝ፤ ምርጫውን ግን በሕይወት ሳለ ጽፎ ያስቀምጥ፣ እኛም ሲናገር እንስማው። ይህ ነውር የለበትም፣ ቤተሰብንም ከጭቅጭቅ ያድናል።

ሲመለሱ አቶ ነጋሲ ፋዮን «ጻፊልኝ» አሏት። «‹ነጋሲ በአፈር፣ በሙሉ ቁመቱ፣ ዐሥራ ሁለቱም አካፋ ወጥቶ› ብለሽ ጻፊ።»

ፋዮ አባቷ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «ልጅዎ ነብያትስ ታውቃለች?»

አቶ ነጋሲ ወዲያው ለልጃቸው ደወሉ። «ነብያት፣ ስለ ሞቴ ላወራሽ ነው።»

«ዳድ! አር ዩ ኦኬ፣ ደህና ነህ? ምን እያልክ ነው፣ እንደዚህ አታውራ...»

«ኦኬ ነኝ፣ ልጄ» አሉ፣ ዕንባቸውን እየጠረጉ። «መገርሳን አቋርጬዋለሁ። አንቺ አታቋርጪኝ።»