በእኔ ክንድ የተለካ ቤት

እኛ ልጆች በነበርንበት ጊዜ ቤት የሚሠራው ለሚዘል ሰው ነበር። የበሩን ደፍ ትዘያለሽ፣ የደጁን ድንጋይ ትወጫለሽ፣ ሽንት ቤት ለመድረስ ጓሮውን በጭቃ ታቋርጫለሽ፣ እና መዝለል ያቃተው ሰው ምን ይሆናል ብሎ የጠየቀ የለም፤ መዝለል ያቃተው መደብ ላይ ይቀመጣላ። እናቴ እንደዚያ ነው የተቀመጠችው። ጉልበቷን ትንሽ አመማት፣ ታዲያ ልጁም ምራቱም ጎረቤቱም ተሰብስቦ "አንቺ አርፈሽ ተቀመጪ፣ እኛ እያለን" አላት። አከበሯት ማለት ነው። ውኃ ያቀርቡላታል፣ ያጥቧታል፣ ያጎርሷታል፣ እና ሦስት ዓመት ስትከበር እግሯ ደረቀ። እኔ ከስዊድን ስደውል "ደኅና ናት፣ ምንም አትሠራም" ይሉኛል፣ እንደ ምሥራች። የደረስሁት ለቀብሯ ነው።

እና ይኼን ይዛችሁ ስሙኝ። እኔ አርባ ዓመት በሰው አገር ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ስደረድር የኖርሁ ሴት ነኝ፣ ከደረደርሁትም ብዙውን አንብቤዋለሁ፣ ምላሷን ያከፋው እሱ ነው ይላሉ ዘመዶቼ። ይበሉ። ዳሌዬ ተሰብሮ ዊልቸር ላይ ስቀመጥ እዚያ በሩ ራሱ ይከፈትልኝ ነበር፣ መደርደሪያው ሁሉ በእጄ ይደረስ ነበር፣ እና በሩን የሚያንኳኳ አንድ ሰው አልነበረም። እዚህ መጣሁ። እዚህ ደግሞ ሰዉ ሁሉ ያንኳኳል፣ እኔ ሄጄ መክፈት አልችልም። ታዲያ ሁለቱን ባንድ ላይ ማግኘት ኃጢአት ነው ወይ አልሁ።

የወንድሜ ልጅ ይበልጣል ከተማው ውስጥ፣ ፋሲሎ ሰፈር፣ ፎቅ ቤት አለው። ጥሩ ልጅ ነው፣ የቢሮ ሰው ነው፣ ሲናገር ስብሰባ የሚመራ ነው የሚመስል። ከላይኛው ፎቅ ክፍል አዘጋጀልኝ፣ መጋረጃ ሰቀለ፣ አልጋውን በመስኮቱ በኩል አደረገ፣ እና "እትዬ፣ ከዚህ ሆነው ሐይቁን ያያሉ" አለኝ። እኔ ከሐይቁ ምን አለኝ? ሐይቁ የትም አይሄድ። "እንዴት ነው የምወርደው?" አልሁት።

"ለምን ይወርዳሉ? ሲያስፈልግ እንሸከምዎታለን።"

እንደ ታቦት ማለት ነው። ጥምቀት ጥምቀት እየጠበቅሁ ልወጣ።

አባቴ የተወልኝ ቁራሽ ቦታ አለች፣ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ደንገሉ ከሚበቅልበት ከሐይቁ ዳር ትንሽ ከፍ ብላ። እዚያ አንዲት ክፍል ጭቃ ቤት ሠርቼ ብቻዬን እኖራለሁ አልሁ። ዘመድ ተሰበሰበ። አንዷ አለቀሰች፣ አንዱ አእምሮዋን ሐኪም ይየው አለ፣ ይበልጣል ደግሞ "አክስቱን ጭቃ ቤት ጣላት ሊሉኝ ነው" ይላል፣ ነገሩ ስለ እኔ ነው ብዬ ስሰማ ለካ ስለ እሱ ኖሯል። አልተስማማንም፣ ታዲያ እንደ ልማዱ ወደ ንስሓ አባታችን ወደ መምሬ ጥሩነህ ሄድን። መምሬ ጢማቸውን ይዘው ቆዩና "ቤቱ ይሠራ" አሉ። "ሲያልቅ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁላችንም እንመጣለን። በር ከፍታ፣ አብስላ፣ አብልታ ትሸኘን፣ ብቻዋን። አንዲት ጊዜ 'እርዱኝ' ካለች በማግሥቱ ፋሲሎ ትገባለች። እምቢ እንዳትይ።" እሺ አልሁ። ሌላ ምን ምርጫ ነበረኝ?

ቤቱን የሠራው አያ ደሴ ነው። እጁ ወርቅ ነው፣ ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክቶ ሲለጥፈው ግድግዳው እንደ ሕፃን ገላ ይሆናል። ግን ሰው ነው፣ እና ወግ ያውቃል። "በሩ ከመሬት እኩል ይሁን፣ ደፍ አይኑረው፣ ደጁ ተዳፋት ይሁን" ብዬው ለሦስት ቀን ለሕክምና ሄድሁ። ስመለስ በተጠረበ ድንጋይ ሦስት ደረጃ ሠርቶ፣ ከላዩ ቆሞ፣ እንደ ሙሽራ እየሣቀ ይጠብቀኛል።

"ይኼ ምንድን ነው?" አልሁት።

"ለክብርዎ ነው እትዬ። እርስዎን የመሰለ ሰው እንደ ጥጃ በሜዳው ይግባ? አገሩ እኔን ምን ይለኛል?"

ደፉንም አስቀምጦታል። ለምን ብለው እባብ እንዳይገባ አለኝ። "አያ ደሴ፣ እባብ ደፍ አይቶ አፍሮ ሲመለስ አይተው ያውቃሉ?" አልሁት። አላየም። መደርደሪያውንም ሰቅሎታል፣ የበሩንም መወርወሪያ፣ ሁሉንም ቆሞ በክንዱ ለክቶ። ሜትር አይዝም እኮ፣ ዕድሜ ልኩን በክንዱ ነው የሚለካ።

አልጮህሁም። ከዊልቸሬ ወርጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁና "እስከ ምሳ ድረስ እርስዎ ይቀመጡበት፣ እግር መሬት አይነካም" አልሁት። ሣቀ፣ እና ተቀመጠ። ደረጃው ሥር ሄደ፣ ቆመ። ዞሮ በጓሮ ሞከረ፣ እዚያም ያው። ሠራተኞቹ ከነወንበሩ አቅፈው አገቡት፣ ለበሩ መወርወሪያ ሁለት ጊዜ ተንጠራራ፣ አልደረሰበትም፤ ውኃ ጠማው፣ ማሰሮው ከፍ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እትዬ፣ ይኼ ቤት ለካ ሰው ያባርራል" አለኝ።

በነጋታው ደረጃውን በገዛ እጁ አፈረሰው። "የእርስዎን ክንድ ይተዉት" አልሁት፣ "የእኔ ቤት በእኔ ክንድ ይለካ።" ታዲያ ወንበሬ ላይ እንደ ተቀመጥሁ እጄን ዘረጋሁ፣ ገመድ ለካና ቋጠረ። ወደ ላይ የምደርስበት አንድ ቋጠሮ፣ ወደ ጎን አንድ ቋጠሮ፣ ጉልበቴ የሚገባበት አንድ ቋጠሮ። ከዚያ ወዲያ ያችን ገመድ አንገቱ ላይ እንደ ማተብ አስሮ ነው የዋለ። የምድጃውን መደብ ከሥሩ ክፍት አደረገው፣ ጉልበቴ እንዲገባ። ውኃ እንዳይገባ ከደጁ ተዳፋት ግርጌ ድንጋይ የተሞላ ቦይ ቆፈረ፣ እኔ ከመጽሐፍ ያላገኘሁትን እሱ ከክረምቱ ነው የሚያውቀው። ሽንት ቤቱን ከቤቱ ጋር አያይዘን፣ መቀመጫ ያለው አድርገን፣ ግራና ቀኝ የተላገ የወይራ አጣና ከግድግዳው ጋር ቀበርን፣ ይዤ እንድነሣ። የሽንት ቤቱ በር ወደ ውጭ ይከፈት አልሁት። ለምን አለኝ። "ከውስጥ ብወድቅ ሬሳዬ በር ይዘጋባችኋል" አልሁት። ወዲያው ገባው።

እሑድ ደረሰ። ስድስት ሆነው መጡ፣ መምሬ ከፊት፣ ይበልጣል በሱፍ ልብስ። በሩን ከፈትሁ። ገቡ፣ ተቀመጡ። እኔ ውኃ ይዤ እጅ ለማስታጠብ በመጣሁ ቁጥር ሁሉም "ኖር" እያሉ ብድግ ይላሉ፣ "በእግዜር፣ ተቀመጡ" እላለሁ፣ ደግሞ ስዞር ብድግ። ልማድ ነው፣ ምን ያድርጉ፣ ትልቅ ሰው ቆሞ ሲያሳልፍ መቀመጥ ያማቸዋል። እኔ ደግሞ ቆሜም አይደል።

ሽሮውን ሳማስል ጭልፋው ከእጄ አመለጠና መሬት ወደቀ፣ ከምድጃው ሥር ገባ። እኔ ማጎንበስ አልችልም፣ ይኼን ሁሉም ያውቃል። ይበልጣል ወገቡ ከወንበሩ ተነሥቷል፣ እጁ ተዘርግቷል፣ አፌን ነው የሚያይ፣ አንዲት ቃል ብቻ። መምሬ "ተቀመጥ" አሉት። እኔ ከወንበሬ ጎን ቡና የሚለቅሙ ሰዎች ቅርንጫፍ የሚስቡበትን ቆልማማ ዱላ አወጣሁ። አንድ ጊዜ ሳብሁ፣ ሾለከ። ሁለተኛ፣ ሾለከ። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ እውነት ነው የምላችሁ፣ መደቡ ላይ ሆና። በሦስተኛው መጣልኝ። አጠብሁት፣ አማሰልሁ፣ ሽሮው ግን በዚያ መሐል አርሯል። አቀረብሁላቸው። ሁሉም በላ፣ አረረ ያለ የለም፣ አረረ ማለትም እርዳታ ይሆን እንደሆን ፈርተው መሰለኝ።

ታዲያ ይበልጣል እጁን ታጥቦ ስብሰባውን ጀመረ። "ዛሬ እሺ፣ እትዬ ጎበዝ ናቸው። ነገስ? ሰኔ ሲገባስ? ጭልፋ አይደለም፣ እሳቸው ቢወድቁስ?" እውነቱን ነው። ሰው ይወድቃል። ፎቅ ላይም ይወድቃል ልለው ነበር፣ ግን መምሬ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አየሁ፣ ወደ እሱ እያደሉ ነው።

ያን ጊዜ መምሬ ተቁነጠነጡ። ጉልበታቸው ከእኔ የባሰ ነው፣ ሰዓታት ቆመው፣ ቀድሰው ቀድሰው አልቋል። ሽንት ቤት ሲሄዱ ቁጢጥ ካሉ አይነሡም፣ ሁልጊዜ የሚያነሣቸው ሰው ይከተላል። ይበልጣልን በዓይናቸው ጠቀሱት፣ ተከተላቸው፣ እሳቸው ገቡ፣ እሱ እስኪጠሩት በሩ ላይ ቆመ።

ቆመ፣ ቆመ። "መምሬ፣ ልግባ?"

"ቆይ።"

እኛ ከዚህ ማዶ እርስ በርስ አንተያይም። ደግሞ ጥቂት ቆይቶ፣ "መምሬ፣ ደኅና ነዎት? ልግባ?"

"ቆይ አልሁህ።"

በሩ ወደ ውጭ ተከፈተና ይበልጣልን ትከሻውን ገፋው። መምሬ ቀጥ ብለው ወጡ፣ በገዛ እጃቸው ነጠላቸውን እያስተካከሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፣ አልዋሽም። መጥተው ከመቀመጣቸው በፊት ቆመው ተናገሩ።

"ብቻዬን ተቀመጥሁ፣ ብቻዬን ተነሣሁ። ስንት ዓመቴ ነው! ይህቺ ሴት የትም አትሄድም።"

"መምሬ፣ ፍርዱ በሽንት ቤት ነው?" አለ ይበልጣል።

"አንተ ቆመህ ያልገባህ ለእኔ ተቀምጬ ገባኝ፣ ልጄ። ብትወድቅ እንኳ ከቤቷ ትውደቅ። አሁን ያን ደሴ የምትሉትን ሰው ጥሩልኝ፣ ክንዴን ይለካ።"

እና ይኸው አለሁ። ሁለት ክረምት አለፈ፣ አንዴ ወድቄአለሁ፣ አጣናውን ይዤ ተነሥቻለሁ፣ ለይበልጣል አልነገርሁትም፣ እናንተም እንዳትነግሩት። አያ ደሴ በክንዳቸው ለክቶ የጀመረላቸው ቤት እስኪያልቅ መምሬ እሑድ እሑድ "የንስሓ ልጄን ልጠይቅ" እያሉ ይመጣሉ፣ ሰላምታውን በሩ ላይ ይጨርሱና ቀጥ ብለው ወደዚያ ነው።

ምን አልሽ? ንስሓውስ? ንስሓውማ ከዚያ ሲወጡ ነው። ድሮ ሰባት ቀን ጾም ከመቶ ስግደት ጋር ይሰጡኝ ነበር፣ በዚህ ዳሌ። አሁን "በይ አንድ አባታችን ሆይ ድገሚ፣ ይበቃሻል" ይሉኛል።