ከሁለተኛው ደወል በኋላ

ጠዋት ወደ ሥራ ለመሄድ ከፎቅ ስወርድ ደረጃው ተዘግቶ አገኘሁት። የዘጋችው የጎረቤቴ የልጅ ልጅ ሚጡ ናት። ቦርሳዋን እንዳዘለች ደረጃው ላይ ተቀምጣ መደገፊያውን ብረት በሁለት እጇ ጨብጣለች። ከጎኗ መምህርት የሆነችው አክስቷ ተቀምጣለች፤ ከበላያቸው ደግሞ አያቷ ቆመዋል። እኚህ ሰው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የትምህርት ቤት ዘበኛ ስለነበሩ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ደወል ነው የሚላቸው። «ይቅርታ» ብዬ ላልፍ ነበር፤ ግን ማን ያሳልፈኛል?

«እንኳን መጣህ ልጄ» አሉኝ ጋሼ ደወል። «አንተ የተማርክ ሰው ነህና እስቲ ዳኘን። ግማሽ ትምህርት የሚባል ነገር ሰምተህ ታውቃለህ?»

«ኧረ አላውቅም ጋሼ።»

«አባባ፣ እስቲ ላስረዳው» አለች መምህርቷ። «ሚጡ ትምህርት አትጠላም። ቤት ውስጥ ስታነብ እርስዎም ይሰማሉ። ግን ጠዋት ጠዋት ሆዷን ይቆርጣታል፤ የበላችው አይረጋላትም። ሐኪም ቤት ወስደናት ደህና ናት ተባለ። እሑድ ደህና ትውላለች፣ ሰኞ ይነሳባታል። ርዕሰ መምህሩን አነጋግሬ ተስማምተናል፤ ለጊዜው አርፍዳ ትግባ፣ እስከ ምሳ ተምራ ትምጣ፣ የቀረውን ከሰዓት ከሥራ ስመለስ እኔ አስጠናታለሁ። አለዚያ ይኸው ከናካቴው ልትቀር ነው።»

ነገሩ ልክ መሰለኝና ራሴን ነቀነቅኩ።

«እኔ ያንን በር ዕድሜ ልኬን ጠብቄአለሁ» አሉ ጋሼ ደወል። «ሁለተኛው ደወል ከተደወለ የባለሥልጣን ልጅም ቢሆን አላስገባም ነበር። ዛሬ የእኔ የልጅ ልጅ አርፍዳ ስትገባ ሰው ምን ይለኛል? ደግሞስ ዛሬ ሆዴን አለች ብለን ብንለቃት፣ ነገ ራሴን፣ ከነገ ወዲያ እግሬን ማለቷ ይቀራል?»

ይኸም ልክ መሰለኝ። እንደገና ራሴን ስነቀንቅ መምህርቷ በትዝብት አየችኝ። እኔ የምሠራው የሰው ኃይል ክፍል ነው፤ ለአዋቂዎች ፈቃድ ስጽፍ የምውል ሰው አንዲት ሕፃን ፊት ግራ ገባኝ።

«እኛ ዘንድ» አልኩ እንደ ምንም፣ «ታሞ የተመለሰ ሠራተኛ መጀመሪያ ግማሽ ቀን እንዲሠራ ይደረጋል።»

«እሷ ግን አልታመመችም ተብሏል» አሉ።

«እሱስ አልታመመችም» አልኩ። የባሰ ተምታታብኝ።

«ሐኪሙ ደህና ነው ያለው ሆዷን ነው» አለች መምህርቷ። «ጭንቀት ሆድ እንደሚያሳምም ያጡታል አባባ? እኔን ሲድሩ እህል አልወርድ ብሎዎት አልነበር?»

ጋሼ ደወል ወደ ሚጡ ጎንበስ አሉ። ከዚያ ሁላችንም ስንከራከርባት ማንም ያልጠየቃትን ልጅ ጠየቋት። «የኔ እናት፣ እዚያ ምንድን ነው የሚያስፈራሽ? መምህሩ ነው? ሒሳብ ነው?»

«ሒሳብ ጥሩ ነው» አለች ሚጡ ብረቱን ሳትለቅ። «በሩ ጋ ነው። ደወል ሲደወል ሁሉም ይጮኻሉ፣ ይጋፋሉ፤ መተንፈስ ያቅተኛል። ክፍል ገብቼም ልቤ አያርፍም። ገና መውጫው አለ እያልኩ አስባለሁ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው አጠገቧ ተቀመጡ። «አጥሩ ሥር ተለጥፈው የሚቆሙ ልጆች ነበሩ» አሉ፣ ለማን እንደሚናገሩ ሳይታወቅ። «ግርግሩ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ። ሲመጡ ደወሉ አልፏል፤ እዘጋባቸዋለሁ። ሰነፎች ይመስሉኝ ነበር እኮ።» ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። ፊታቸው ላይ ያየሁት ግራ መጋባት አሳዘነኝ። «አርፍዳ ስትገባ በሩ ጋ ማንም የለም ማለት ነው?»

«ማንም የለም አባባ።»

«ስትወጣስ?»

«ከሌሎቹ ቀድማ ነው።»

«እንግዲያው የማደርሳት እኔ ነኝ። ሰው ከጠየቀም እኔው እመልሳለሁ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በጉርብትናዬ አይቻለሁ። ቁርጠቱ ባንድ ጊዜ አልጠፋም፤ አንዳንድ ጠዋት ደረጃው አሁንም ይዘጋል። ግን ልጅቷ ቁርሷን በልታ መውጣት ጀመረች፣ ከክፍሏ ጓደኛ አበጀች፣ ከሰዓት የምታጠናውም ከጓደኞቿ ወደ ኋላ እንዳትቀር አደረጋት። ሙሉ ቀን በግድ ብትጎተትም ሆነ ጨርሶ ቤት ብትቀር ትምህርቱን ታጣው ነበር። ልጅ የሚያስጨንቀው ነገር ሲኖር ትልቅ ሰው መጀመሪያ ይጠይቀው፤ ከትምህርት ቤቱ ጋር ይመካከርና በሚችለው ልክ ያስጀምረው። እኔ ይህን ለመረዳት ከሥራ አርፍጃለሁ።

በቅርቡ ደግሞ፣ አያቷ እንዳጫወቱኝ፣ ሚጡ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ መንገድ ላይ «ዛሬ ከሰዓት ሥዕል አለን፤ ልቆይ?» አለቻቸው። ጋሼ ደወል ደነገጡ። «አይሆንም፣ የተስማማነው እስከ ምሳ ነው» አሉ። ለግማሹ ቀን ከማንም በላይ ጠበቃ የሆኑት እሳቸው ነበሩ። ግራ ቢገባቸው ለልጃቸው ደወሉላት።

«አባባ፣ ግማሹን የጀመርነው ሙሉውን እንድትለምድ እኮ ነው» አለቻቸው።

ነገሩ ሳይዋጥላቸው እሺ አሉና ከትምህርት ቤቱ ማዶ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ዋሉ። ልጅቷ ሁሉም ከወጣ በኋላ እጅጌዋን ቀለም ነክቶት ከመምህሯ ጋር ወጣች። ደክሟታል፤ ፊቷ ግን ፈካ ብሏል።

«ነገ ግን እስከ ምሳ ብቻ» አለቻቸው።

«አንቺ እንዳልሽ» አሉና ቦርሳዋን ተቀበሏት።