በክዳኑ ቀዳዳ የሚተነው ቤንዚን

የማኅበራችን ሊቀመንበር የፒካፓችን ቤንዚን ጎደለ በተባለ ቁጥር «በቤንዚን ማጠራቀሚያው በሰርባትዮው ክዳን ቀዳዳ እየተነነ ነው» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ቀዳዳዋን በማስቲሽ አስደፈኗት። በማግስቱ የግል ቡናቸውን በማኅበሩ ፒካፕ ጭነን፣ እኔ እየነዳሁ ከቴፒ ወደ ሚዛን ስንወጣ ሞተሩ ያስነጥስ ጀመር። ካንዴላ ብቀይርለትም አልተሻለውም፤ ዳገቱ ላይ ጭራሽ ጠፋ። ክዳኑን ስከፍተው ሰርባትዮው ፉጭ ብሎ አየር ሳበ፤ ሞተሩም ወዲያው ተነሣ።

«ምን ነክቶት ነው?» አሉኝ ሊቀመንበሩ።

«ታፍኖ ነዋ! አየር ካልገባ ቤንዚኑ አይወርድም። ቀዳዳዋ ትከፈት።»

«ቤንዚኑ ተኖ ይለቅ?»

«ጋሼ፣ ከተደፈነችም በኋላ ጎድሏል» አልኳቸው፤ «ምናልባት በነዚህ የቡናዎ ጆንያዎች በኩል ይሆናል የሚተነው።»