ራቢዓን ዳገቱን የሚያወጣት ሞተር

በሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት ነው። ጣሊያን ትምህርት ቤታችንን ዘግቶ የሲሚንቶ ማከማቻ ካደረገው ወዲህ እኔ ከመምህርነት ወደ ጥጥ ነጋዴነት ወርጄ በሸዋ ሮቢትና በካራቆሬ መካከል እመላለስ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከሮቢ ወንዝ ድልድይ ወዲህ ባለው የመንገድ ሥራ ካምፕ ደጃፍ ሳልፍ፣ ዓይኔን እስክጠራጠር የሚያደርስ ነገር አየሁ። ጥምጣማቸውን አሳምረው ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ከሞተር ብስክሌት አጠገብ ተንበርክከው ጎማውን እንደ ሰኮና ይዳብሳሉ። ጎማውን ሲጨርሱ ወደ ፊት ዞሩና የመብራቱን ክዳን በጣታቸው ሊከፍቱ ታገሉ። ጥርሱን እየፈለጉለት መሆኑ ሲገባኝ ክው አልኩ።

ቀና ሲሉ አወቅኋቸው። የጀውሃው የበቅሎ ነጋዴ አቶ ሷሊሕ ናቸው። በይፋት ቆላ በእሳቸው እጅ ያላለፈ ደህና በቅሎ የለም ይባላል። አጠገባቸው የቆመው ወጣት ደግሞ የቀድሞ ተማሪዬ ደምሴ ነበር፤ አዲስ አበባ ሄዶ የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ገብቶ የተማረ፣ አሁን በካምፑ ጋራዥ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው።

«መምህር ታከለ፣ እርስዎን አላህ ነው ያመጣልኝ» አሉ አቶ ሷሊሕ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው። «ይህ የእርስዎ ተማሪ አንካሳ ሊሸጥልኝ ነው።»

ደምሴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ነገሩን አስረዳኝ። መንገዱ ስላለቀ የካምፑ አለቃ ወደ አገሩ ሊመለስ ነውና ሁለት ሞተር ብስክሌቶቹን ለሽያጭ አቅርቧል። ሁለቱም በጎናቸው ሰው የሚቀመጥበት ቅርጫት አላቸው። አንደኛው ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ሌላው ባለ አራት ነው። አቶ ሷሊሕ የሚገዙት አንዱን ብቻ ነው።

«የበቅሎ ነጋዴ በሞተር ምን ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በቀልድ ነበር።

እሳቸው አልሳቁም። በአገጫቸው ከወዲያ ያለውን የሮቃ ዛፍ አመለከቱኝ። ከጥላው ሥር ልጃቸው ራቢዓ ወሯ የገባ ሆዷን በእጇ ደግፋ ተቀምጣለች።

«የመጀመሪያው ምጥ ያሳየኝ ይበቃኛል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጁ ሞቶ ወጣ፤ እሷም በአላህ ፈቃድ ነው የተረፈች። አሁን የካምፑ ሐኪም፣ ምጡ እንደጀመራት ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ካላደረሳችኋት ሁለቱንም ትቀብራላችሁ አለኝ። ቀድሜ ወስጄ እንዳላስቀምጣት ጣሊያኖቹ የመንገድ ይለፉን የሚሰጡኝ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። ካሚዮኑ እንደሆነ ሐበሻ ከነጭ ጋር አይቀመጥም ብሎ ጥሎን ያልፋል። በቅሎ ላይ እንዳላወጣት በምጥ ላይ ያለች ሴት እንዴት ትጋልብ? ባሏ ሙሳ አሰብ ወርዷል። ያለሁላት እኔ ነኝ።»

በቀልዴ አፈርሁ። ያን ዳገት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከሮቢት ቆላ ተነስቶ ደብረ ሲናን አልፎ ጣርማ በር እስኪደርስ ወበቁ ወደ ብርድ፣ አሸዋው ወደ ጉም ይለወጣል። እዚያ መካከል ሞተር ቢቆም ማንም አይደርስላትም።

ደምሴ መጀመሪያ ባለ ሁለቱን አስነሳ። ዱግ ዱግ ይልና ትንሽ ዝም፣ እንደገና ዱግ ዱግ ይላል።

«ሰሙ፣ መምህር? ያነክሳል። አንድ እግሩን ይሰስታል። እንዲህ የሚረግጥ በቅሎ አምጥቶ ጤነኛ ነው የሚለኝን ሰው ከገበያ አባርረዋለሁ።»

ቀጥሎ ባለ አራቱ ተነሳ። ድምፁ አንድ ወጥ ነው፤ ሞተሩ ላይ የተቀመጠው የደምሴ መፍቻ እንኳ አልተነቃነቀም። የሽማግሌው ፊት በራ።

«ሰጋር ማለት ይኸ ነው። አራት እግር አለው፤ አራቱንም በእኩል ያነሳል። ልጄን በሚያነክሰው ላይ ጭኜ ዳገት ለዳገት ላንገጫግጫት?»

«ጋሼ ሷሊሕ፣ ጆሮዎ አልተሳሳተም» አለ ደምሴ በትሕትና። «በእርግጥም እኩል አይረግጥም። ግን በሽታ አይደለም፤ አሠራሩ ነው። ይመልከቱ፤ ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ ባላ እንጨት ተከፍተው አንድ ሥር ላይ ቆመዋል። አንደኛው ሲተኩስ ሁለተኛው ቶሎ ይከተለዋል፤ ከዚያ ትንሽ ያርፋሉ። ያ ዕረፍት ነው ለእርስዎ ጆሮ ማንከስ የሆነው።»

«ዕረፍት የሚያበዛ ሰነፍ ነው።»

«ሰነፍስ አይደለም። እያንዳንዳቸው ትልልቅ ስለሆኑ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞርም ጉልበት አላቸው። ባለ አራቱ ግን ፒስቶኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ ጉልበት የሚያገኘው በፍጥነት ሲዞር ነው። ሜዳ ላይ እንደ እሱ ያለ የለም። ከካራቆሬ እስከ ጀውሃ ለመመላለስ ቢሆን ኖሮ እሱን ይውሰዱ እልዎ ነበር። ዳገት ላይ ግን በትንሹ ማርሽ እየጮኸ፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ቀስ ሲል ደግሞ ነፋስ አያገኝም። አራቱ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው ስለቆሙ ነፋሱን የሚያገኘው የፊተኛው ነው፤ የኋላዎቹ የእሱን ግለት ይቀበላሉ። በእኛ ቆላ ፀሐይ!»

«የባላውስ የኋለኛው አይግልም?»

ጥያቄው አስደነቀኝ። ደምሴም ደስ አለው። «ይግላል እንጂ፤ አልዋሽዎትም። ግን የሚሸፈነው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ ባለ አራቱ የኋላዎቹ ነፋስ ከማይደርስበት የገባ አይደለም። ደግሞም መንገድ ላይ ቢታመም የሚፈታው ሁለት ካንዴላ ነው፤ አራት አይደለም።»

አቶ ሷሊሕ ራሳቸውን ነቀነቁ። የተማረ ሰው ቃል እንደሚጣፍጥ፣ እሳቸው ግን በቅሎ ሲገዙ ያረጁት በጆሯቸው መሆኑን ነገሩን። እኔም መናገር አምሮኝ ስለ ሥልጣኔ ጥቂት ሰበክሁ፤ ማንም አልሰማኝም። በመጨረሻ፣ ራቢዓ በየተራ ተቀምጣባቸው ደምሴ ዳገቱ ሥር ደርሶ፣ ጥቂት ወጥቶ እንዲመልሳት ተስማማን። ከደምሴ ጋር ብቻዋን እንዳትሄድ አባትየው ከኋላው ተፈናጠጡ።

በባለ ሁለቱ ሄደው በደህና ተመለሱ። በባለ አራቱ ሲመለሱ ፀሐይዋ መሐል አናት ላይ ነበረች፤ ሞተሩ ከሩቅ ግለቱ ይሰማል። ደምሴ ወርዶ ወደ ጋራዡ ውሃ ሊያመጣ ገባ። ራቢዓ ገና ከቅርጫቱ አልወረደችም። ይህን ጊዜ አቶ ሷሊሕ ትከሻቸው ላይ የነበረውን ወፍራም የጥጥ ቡሉኮ አውርደው፣ «ቢስሚላህ» ብለው፣ የጋለውን ሞተር ከላይ እስከ ታች አለበሱት።

በይፋት መንገደኛ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ላብ ያጠመቀው በቅሎ ሲገባ ነፋስ እንዳይመታው ይሸፍኑታል። እሳቸውም ፍቅራቸውን ነበር ያለበሱት። ነገር ግን ከካርቡራቶሩ ቤንዚን ይንጠባጠብ ነበር። ቡሉኮው ጠጣው፤ ጫፉ የጋለው የጭስ ቧንቧ ላይ ተኛ። አንድ ጊዜ ጢስ አየሁ፤ ወዲያው ቡሉኮው ቦግ ብሎ ነደደ፤ ነበልባሉ ወደ ራቢዓ ዘነበለ።

እግሬ ከመሬት ጋር ተጣበቀ። ከጋራዡ እየሮጠ የወጣው ደምሴ የውሃውን ባልዲ ጥሎ ራቢዓን ከብብቷ ሥር ይዞ ከቅርጫቱ ጎትቶ አወጣት። አቶ ሷሊሕ ቡሉኮውን በባዶ እጃቸው ገፍፈው ወረወሩት። ያኔ ነው እኔ የነቃሁት፤ ከመንገድ ሥራው የተረፈውን አሸዋ በእጄ እየዘገንሁ ሞተሩ ላይ በተንሁ። እሳቱ ጠፋ። ከሞተሩ የተቃጠሉት ሽቦዎቹ ብቻ ነበሩ፤ የራቢዓ ቀሚስ ጫፍ ጠቁሯል፤ የአባትየው መዳፍ ተልጧል።

አቶ ሷሊሕ መሬት ላይ ቁጭ ብለው መዳፋቸውን ያያሉ።

«በገዛ እጄ» አሉ በመጨረሻ። «ከሞት ላድናት ብዬ በገዛ እጄ ልፈጃት ነበር። ደምሴ፣ ይህን ሸይጣን ከፊቴ አርቅልኝ። ያንን ባላውን ስጠኝ።»

እኔ እንግዲህ አለቀ ብዬ ነበር፤ ደምሴ ግን አስገረመኝ።

«ጋሼ፣ በድንጋጤ አልሸጥልዎትም» አለ። «እሳቱን ያስነሳው ቡሉኮው ነው። ባለ ሁለቱን ቢያለብሱትም ኖሮ ይኸው ነበር። ቅድም በጆሮዎ ሊመርጡ ነበር፤ አሁን በፍርሃት ሊመርጡ ነው። ሞተር እንስሳ አይደለም፤ አይበርደውም፤ ሲግል የሚፈልገው ነፋስ ነው። ይህን ካላወቁ የትኛውንም ቢገዙ ልጅዎን አያድኑም።»

ያን ጊዜ ከሮቃው ሥር ተቀምጣ ውሃ የምትጎነጨው ራቢዓ፣ «አባዬ፣ እኔስ ልናገር?» አለች።

ሦስታችንም ዞርን።

«ባለ ሁለቱ ይመታል፤ እውነት ነው። ግን አመታቱን ለመድኩት፤ በመካከሉ ትንፋሽ እወስዳለሁ። ባለ አራቱ ሜዳው ላይ ደስ ይል ነበር። ዳገቱ ሥር ደርሶ መጮህ ሲጀምር ግን ከእግሬ እስከ ጥርሴ ነዘረኝ፤ ጣቶቼ ደነዘዙ። በጎኔ ያለው ብረትም ግለቱ አላስቀምጥ አለኝ። ደብረ ብርሃን ድረስ እንዲያ ከሆነ እኔ አልችልም።»

«ታዲያ ስንመለስ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም።

ከእሳቱ የበለጠ ያስደነገጠን ይኸ ነው። ስለ ሲሊንደርና ስለ ሰጋር ስንከራከር ያረፈድነው ሦስት ወንዶች፣ ዳገቱን የምትወጣው እሷ መሆኗን እያወቅን፣ አንድም ቃል አልጠየቅናትም። አቶ ሷሊሕ የተላጠ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ልጃቸውን እንደ አዲስ ሰው ተመለከቷት።

«አስተምረኝ» አሉት ደምሴን። «ዘይቱን፣ ቤንዚኑን፣ ማሳረፊያውን፣ ሁሉንም። እንግዲህ የማላውቀውን በማውቀው አልለካም።»

ባለ ሁለቱን ገዙ። ምጡ ማለዳ ላይ ሲጀምራት ይለፉን አውጥተው ደምሴን ለመኑ፤ እሱም ነዳ። እኔ የሰማሁት በኋላ፣ ጀውሃ ልጠይቃቸው ስሄድ ነው። ሞተሩ ደብረ ሲና ላይ አረፈ፤ ማንም ምንም አላለበሰውም። ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ወጣ። ሐኪሙ በቀዶ ጥገና ሴት ልጅ አወጣላት፤ ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ ልጅቱን አታገኟትም ነበር አላቸው።

አቶ ሷሊሕ ዛሬ ሌላ ሰው ሆነዋል። ገበያ ላይ የሚያገኙትን ሁሉ ይመክራሉ። የምትወልድ ካለቻችሁ መንገዷን ቀድማችሁ አዘጋጁ፣ ይላሉ። ሜዳ ለሜዳ ለሚነግድ ባለ አራቱ ፈጣንና ለስላሳ ነው፤ ዳገትና ሸክም ላለበት ባለ ሁለቱ ይሻላል፤ የጋለን ሞተር ነፋስ ላይ አቁሙት፤ ከቤንዚን አጠገብ ጨርቅም እሳትም አታድርሱ። የእሳቸውን ምክር ሰምተው ሚስቶቻቸውን በጊዜ ወደ ሐኪም ያደረሱ አባወራዎች አሁን በጀውሃም በማጀቴም አሉ።

ራቢዓን ልጅዋን ታቅፋ አገኘኋት። ያን የጣርማ በር ገደል በምጥ ላይ ሆና ስትወጣ ምንኛ ደንግጣ ይሆን ብዬ ጠየቅኋት።

«ገደሉን አላየሁትም፣ መምህር» አለችኝ። «እኔ የደነገጥሁት ደብረ ሲና ላይ ነው። አባዬ ከኋላ ወርደው ቅርጫቱ ላይ ጎንበስ አሉና፣ ‹እንሂድ ወይስ ትንሽ እንረፍ? ምን ትያለሽ?› አሉኝ። ከተወለድሁ ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፍቶኝ አለቀስሁ።»